ከቦዩ በላይ

የልጄ ልጅ ሰብለ ወንጌል ክረምቱን በተቅማጥ ልታልቅብኝ ደርሳ ነበር። እናቷ ሞጣ ስለምታስተምር ብቸና ያለችው ከእኔ ጋር ነው። ያን ጊዜ በጭንቀት፣ «ካተረፍህልኝ ለጥምቀት ውኃው ውስጥ አስገባታለሁ» ብዬ ለሚካኤል ተሳልኩ።

ጥምቀት ሲቃረብ ውኃው ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። በዚያ ዓመት ወንዙ ዳር የሚሊሺያ ማሠልጠኛ ተሠርቶ የሽንት ቤቱ ቦይ ወደ ወንዙ ተለቅቋል። ለከተራ ወንዙን በድንጋይና በጭቃ የምንገድበው ደግሞ ከቦዩ በታች ነው። ሲፈስ ይዞት የሚሄደውን እኛ ልናጠራቅመው! በመሠረተ ትምህርት ያነበብኩት መጽሐፍ «ተቅማጥ በውኃ ይተላለፋል» ይላል። እንቅልፍ አጣሁ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩን ታዘበውን ጡት ሲጥል አውቀዋለሁ።

«እማማ፣ ሽንት ቤት የአብዮቱ መመሪያ ነው። ይታሸግ ነው የሚሉኝ?»

«ጉድጓድ ይቆፈርለት ነው የምልህ።»

«ሰው ሁሉ ዘመቻ ላይ ነው። ደግሞ አንዴ ተጠምቀው ሲያበቁ ምን ፍለጋ ነው ውኃ የሚገቡት?»

«አንተስ አምና ከነሱሪህ የገባኸው ምን ፍለጋ ነው?»

ጸሐፊው ሳቁን በእጁ አፈነ። ታዘበው ግን «እናየዋለን» ብሎ ሸኘኝ።

ወደ መምሬ አካለ ወልድ ሮጥኩ።

«ወለተ ሥላሴ» አሉኝ በክርስትና ስሜ፤ «የተባረከ ውኃ ይጎዳል ትያለሽ?»

«መስቀሉን አልጠራጠርም፣ አባቴ። ግን እርስዎስ የቅዳሴውን ውኃ ምንጩን ትተው ከቦይ ሥር ያስቀዳሉ?»

መምሬ መቋሚያቸውን አንሥተው «ተነሺ፣ ቦታውን አሳዪኝ» አሉ።

በከተራ ዕለት ወንዶቹ «ከታቦቱ ድንኳን ይርቃል» እያሉ አጉረመረሙ። መምሬ «እግር አልፈጠረላችሁም?» ብለው ከቦዩ በላይ አስገደቧቸው። በማግሥቱ ሰብለ ወንጌል እስከ አንገቷ ገባች። እንዳያንሸራትታት ቀሚሷን ጨብጬ ዳር ላይ ቆምኩ፤ እየሳቀች ረጨችኝ።

ስለቴን አደረስኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ግድቡ ሲፈርስ ውኃው የቦዩን ጥቁር ጭቃ ጠራርጎ ወረደ። ከታች መንደር ሴቶች እንስራ ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲመጡ አየሁ፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። የሰብለ ወንጌልን እጅ ይዤ ቁልቁል ተንደረደርኩ።

«ከዚያ እንዳትቀዱ! ወደ ላይ ኑ!»

«ምነው እናቴ፣ ወንዙንም ለብቻችሁ ልታደርጉት ነው?» አለች ሕፃን ያዘለችው።

«መጀመሪያ እንስራሽን አስቀምጪ፤ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ» አልኳት።

አስቀመጠችው። ስለ ቦዩም ስለ ልጅቱ የክረምት ሕመምም ሁሉንም ነገርኳቸው። ሕፃን ያዘለችው ሰብለ ወንጌልን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያ ባዶ እንስራዋን አንሥታ ሽቅቡን መንገድ ጀመረች።