ሃያ ደቂቃ በስኪ ጫማ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ ነገር ቢኖር የኛ ሰው ሕመሙን አለመናገሩ ነው። ሐኪሙ «ሕመምህ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ይላል። ሰውየው ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። እስቲ ይሄ በቁጥር ስንት ነው? አንድ ቀን ተናድጄ «ሰባት» ብዬ ተርጉሜ አውቃለሁ። ማታ ቤት ስገባም «ይሉኝታ ነው የሚገድለን» እያልኩ የልጄን የሳሌምን ጆሮ ሳደነቁር ነው የኖርኩት።

እኔ ዓባይነህ እንግዲህ እንዲህ የምል ሰው ነኝ።

ሳሌም ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሥራ አግኝታ በሚቀጥለው ወር በአውሮፕላን አራት ሰዓት የሚያስኬደው ዴንቨር ልትገባ ነው። ባለፈው እሑድ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አባዬ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ቅዳሜ ስኪ እንሂድ? ላይክ ድሮ» አለችኝ።

ድሮ ያለችው ልጅ ሆና ነው። ፔንሲልቬኒያ ድረስ እየነዳሁ ወስጃት ሁለት ዊንተር አብሬያት በበረዶ ላይ ተንሸራትቻለሁ። አታምኑኝም እንጂ ጎበዝ ነበርኩ። በሦስተኛው ዊንተር ግን የተከራየሁት ጫማ ጠበበኝ። ለአከራዩ እንዳልነግረው ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል። «ፋይን ነው» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ፋይን ነው እንዳልኩ ዋልኩ፤ የሁለቱም እግሬ አውራ ጣቶች ጥፍራቸው ጠቁሮ ወለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ሥራ አለብኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ባለውም ቅዳሜ እንደዚያው። እሷም መጠየቋን ተወች፤ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት። አሁን እምቢ ብላት ዳግመኛ እንደማትጠይቀኝ ልቤ ያውቀዋል።

«እሺ» አልኳት።

«ግን በልክህ የሆነ ጫማ እንገዛለን። አንድ ሩል አለኝ፤ ፋይን ማለት የለም።»

«እኔ? እኔ መቼ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ?»

ሱቁ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጫማ የጠፋ ይመስል ከተማውን የሚከበውን ቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌዩን ዞረን፣ ድልድዩን ተሻግረን ሄድን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት ካልሲ ደርቤያለሁ። ውስጥ የተቀበሉን ሻጭ ሰባን ያለፉ፣ ሪዛቸው የነጣ አበሻ ናቸው፤ ጋሽ ይገዙ ይባላሉ። ድሮ መርካቶ ጫማ ይሠሩ ነበር፣ እዚህ ደግሞ ሃያ ዓመት የስኪ ጫማ ከሰው እግር ጋር ሲያስታርቁ ኖረዋል። «ቁጭ በል፣ ጫማህን አውልቅ» አሉና ፊቴ ተንበረከኩ።

በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው እግሬ ሥር! ከጸሎተ ሐሙስ በቀር ትልቅ ሰው እግሬን ነክቶኝ አያውቅም፤ ያም ቢሆን ቄስ ነው። ብድግ ብዬ «ኧረ በሞቴ ይነሡ ጋሼ!» አልኩ።

«እኔ ከተነሣሁ እግርህን ማን ይለካዋል? ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። አንዱን ካልሲ ቢያወልቁ ሌላ፣ እሱን ቢያወልቁ ሌላ። «ሽንኩርት ነህ እንዴ?» አሉኝ። ሳሌም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለክተው ሲጨርሱ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አርባ አራት ቁጥር ሳደርግ የኖርኩትን ሰው አርባ ሁለት ነህ አሉኝ።

«እናትህ ያድግበታል እያለች ነበር የምትገዛልህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«በቃ አድገሃል። ከእንግዲህ በልክህ አድርግ።»

አንድ ስስ ካልሲ ሰጡኝና እስከ ባቴ የሚደርሰውን ፕላስቲክ ጫማ አጥልቀው ቆለፉልኝ። ቀጥ ብዬ ስቆም ጣቴ ጫፉን ነካ፤ ጉልበቴን ወደ ፊት ሳጥፍ ለቀቀ። ተረከዜም አይነሣም። ደስ አላቸው። «እንዲይዝህ እፈልጋለሁ፣ እንዲያምህ ግን አልፈልግም። የት ጋ ነው የሚያምህ?»

በቀኝ እግሬ፣ ከትንሿ ጣት በታች ባለችው አጥንት ላይ፣ ምስማር የሚመታብኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። ግን ምን ልበል? ሽማግሌው ሦስት ጊዜ መጋዘን ተመላልሰዋል፤ በተንበረከኩ ቁጥር ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል። አመመኝ ብል አራተኛ ሊሄዱ ነው።

«ደህና ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አባዬ!» አለች ሳሌም።

ጋሽ ይገዙ ሰዓታቸውን አዩ። «ፈረንጅ ደህና ነው ካለኝ ከፍሎ ይሄዳል። የኛን ሰው ግን ሃያ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ተራመድ።»

ተራመድኩ። በአምስተኛው ደቂቃ ስለ አየሩ ሁኔታ አነሣሁ። በዘጠነኛው ስለ ፔትዎርዝ ሰፈር የቤት ኪራይ አብራራሁ። በአሥራ አራተኛው ላቤ በግንባሬ ይወርድ ጀመር፤ ሆስፒታል የተቆጣኋቸው በሽተኞች በሙሉ ፊቴ ድቅን አሉ።

«ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» አለችኝ ሳሌም በእንግሊዝኛ፣ ልክ እንደ ሐኪሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ጋሽ ይገዙ ተንበረከኩ፣ መቆለፊያውን ፈቱ፣ እጃቸውን ሰደዱና ያቺን አጥንት በአውራ ጣታቸው ጫን አሏት።

«ወይኔ እናቴ!»

አንዲት ሴትዮ የምትሞክረውን መነጽር ጣለች። እኔ ግን አንዴ ከፈነዳሁ ማን ያቆመኛል? «አሥር ነው! መጀመሪያም አሥር ነበር! ፔንሲልቬኒያም አሥር ነበር! ሁለቱ ጥፍሮቼ ናቸው የወለቁት!»

ስትንፈቀፈቅ የነበረችው ሳሌም ሳቋ ተቋረጠ። «ዌይት። ስኪ የተውከው በጫማው ነው?»

«በምን ሊሆን ኖሯል?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ለካስ ያ ጫማ በጠበበኝ ቀን፣ ጓደኞቿ ፊት ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ አታሳፍረኝ» ብላኝ ነበር። በሳምንቱ እኔ ሥራ አለብኝ አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አስቀየምኩት፣ በኔ ነው የተወው» ስትል ኖራለች። ይሄን ስትነግረኝ ድምጿ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

እኔ እንደዚያ ማለቷም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ጥፍሬ ነው። እንዲሁ ነገርኳት፤ እያለቀሰች ሳቀች። «ጠበበኝ» ማለት አቅቶኝ ስንት ቅዳሜ አለፈን።

ጋሽ ይገዙ ፕላስቲኩን አሙቀው በአጥንቷ በኩል ገፋ አደረጉት። «አሁንስ?»

«ትንሽ... ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እንዲህ በል እንጂ!» ብለው ጀርባዬን መቱኝና አራተኛ መጋዘን ገቡ። ሲመለሱ ልክ ሆነ።

ስንመለስ ሳሌም ነዳች፤ እኔ ጫማዬን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ዴንቨር መሄዱስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«አይም ፋይን» አለች፣ ቶሎ ብላ።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

«የትም! ፋይን ነኝ አልኩህ እኮ።»

ሰዓቴን አየሁ። ቤት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ስለ ትራፊኩ አነሣች። ስለ ጎማው አነሣች። ከቤልትዌዩ ወደ ቤት የሚያስገባው መውጫችን ሊደርስ ሲል ፍሬቻዋን አበራች፤ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ «አባዬ፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

ፍሬቻውን አጥፊው አልኳት። መውጫውን አለፍነውና ቤልትዌዩን እንደገና መዞር ጀመርን።