አዝመራው ክምሩ ላይ የወጣ ዕለት

ስለ እሳት ሲወራ ሰው ሁሉ ሊቅ ነው። ቄሱ ስለ ገሃነም ያስተምራሉ፤ የቀበሌው ሰው ስለ ደን ቃጠሎ ስብሰባ ይጠራል፤ ወንድሜ ይኸነው ደግሞ ዳንግላ ተቀምጦ በስልክ «እህቴ፣ ከእሳት ተጠንቀቂ» ይለኛል። ሦስቱም በዕድሜያቸው አንድ ጆንያ ከሰል አክስለው አያውቁም። ድንቄም ሊቅ! እኔ እንቁ ግን ከእሳት ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከአዝመራው ጋር አሥራ ዘጠኝ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ አቃጠለሽ ብትሉኝ፣ ትንሽ ላስብበት እላለሁ።

አዝመራው የቀድሞ ባሌ ነው። ከተፋታን ሁለት ዓመት ሆነን። ምክንያቱን ልተወው፤ እሱን አውርቼ ልጨርስ ብል ሁዳዴም አይበቃኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ገመድ ተጣለ፣ መሬቱ እኩል ተከፈለ። የፀሐይ መውጫው ግማሽ ለእሱ ደረሰ፣ የመጥለቂያው ለእኔ። መሃል ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቁጥቋጦ የበቀለበት ድንበር አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ ከወዲያ ያስላል፣ እኔ ከወዲህ እረግማለሁ፤ እንደ ጎረቤት የምንገናኘው በዚሁ ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ሰው የሚኖረው ዲከረንስ በሚባል የከሰል ዛፍ ነው። ዛፉ ይተከላል፣ አምስት ዓመት ይጠበቃል፣ ተቆርጦ ይከመራል። ክምሩ ቅጠልና ሣር ይለብሳል፣ በላዩ አፈር ይጫንበታል፣ በአንድ በኩል እሳት ይሰጠውና አፉ ይዘጋል። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። እሳቱ እንዳይሞት ትንሽ ትንሽ አየር ታጎርሱታላችሁ፤ ጠግቦ እንዳይፈነጭ ደግሞ ታስርቡታላችሁ። እንደ ባል ነው በሉት። አንድ ቦታ ቀዳዳ ካገኘ ግን አለቀ፤ አምስት ዓመት የተጠበቀው ዛፍ በአንድ ጠዋት አመድ ይሆናል።

በእኛ መንደር ደግሞ ማክሰል የወንድ ነው ይባላል። ሴት ዛፍ ትሸከማለች፣ ሣር ታጭዳለች፣ ጆንያ ትሞላለች፣ ፊቷ ጠቁሮ ትገባለች። ክምሩ አጠገብ ቆሞ ጢሱን እያየ «ቀረው» ወይም «በሰለ» ማለት ግን የወንድ ሥልጣን ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አዝመራው ይህን ሥልጣን ይዞ ሲቆም፣ ጢሱን አይታ በጆሮው የምታንሾካሹክለት እኔ ነበርኩ። እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ሰውም «አይ አዝመራው፣ እሳት የላሰ ነው!» ይለዋል።

ዘንድሮ የዲከረንስ በሽታ ገብቶ ዛፉን እያደረቀ ስለመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ያለኝን ሁሉ አስቆርጬ በአንድ ክምር አደረግሁት። የማከስለውም ራሴ ነኝ አልኩ። አዝመራው ይህን ሲሰማ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ምን አለ መሰላችሁ? «እንቁ አመድ ታወጣና ዳንግላ ወንድሟ ዘንድ ትገባለች። መሬቷንም ያው እኔው በእኩል አርስላታለሁ» አለ። ቃል በቃል ነገሩኝ። የእኛ አገር ሰው መልካም ወሬ ይረሳል፣ እንዲህ ያለውን ግን አንዲት ፊደል ሳይጥል ነው የሚያመጣው።

ያናደደኝ ውሸት ስላልሆነ ነው። ክምሩ ቢበላሽ እህል መግዣ የለኝም፣ ችግኝ መግዣም የለኝ። መሄጃዬ የይኸነው ቤት ነው። የወንድሜ ሚስት እመቤት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ባለፈው ሄጄ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ «እዚህ ማንም አይረብሽሽም» አለችኝ። በሃምሳ ዓመቴ ከሽንኩርት ጋር ልተኛ ነው እንግዲህ። መሬቴን አዝመራው እያረሰ፣ የእኔን ድርሻ በወንድሜ ጋሪ እየላከልኝ! ከዚህስ ገሃነም ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይሞቃል።

ስለዚህ ጠበቅሁ። አራት ቀን ክምሬን እንደ አራስ ጠበቅሁ። ነጩ ጢስ ሲወፍር አፈር ጨመርኩ፣ ሲሳሳ በዱላ ወግቼ አስተነፈስኩ። ከድንበሩ ወዲያ አዝመራውም የራሱን ክምር ለኩሶ ነበር። ሁለት ጢስ ጎን ለጎን ይወጣል፤ መንገደኛው ሁሉ ያነጻጽራል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነፋስ ተነሳ። ሽሮዬን ጥጄ ስመለስ፣ በክምሬ ጎን መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶ ጢሱ ጠቁሯል። ወይኔ! አካፋዬን አንስቼ አፈር መዛቅ ጀመርኩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ? እኔ በአካፋ ደረስኩበት ብዬ ተጽናናሁ። ገና አንድ አካፋ እንዳልኩ ከድንበሩ ወዲያ ጩኸት ሰማሁ።

የአዝመራው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ሁለተኛውን አካፋ ወረወርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛውን አካፋ የወረወርኩት ጩኸቱን ከሰማሁ በኋላ ነው። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ፤ ለእናንተ ነው የነገርኩ። ከዚያ «እንቁ! እንቁዬ!» አለ። ከሠርጋችን ወዲህ እንቁዬ ብሎኝ አያውቅም። ሰውዬው እየሞተ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አካፋዬን እንደያዝኩ ቁጥቋጦውን ጥሼ ገባሁ። አዝመራው የራሱ ክምር አናት ላይ ወጥቶ አፈሩ ከሥሩ ተንዶበታል። አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤ በሁለቱ እጁ አፈሩን ይቧጥጣል፣ በቧጠጠ ቁጥር ይናዳል። ውስጡ ምን እንዳለ ከሰል ያከሰለ ያውቃል። ከላይ አፈር ነው፣ ከታች ፍም ነው።

«አትንቀሳቀስ! አንተ የማትረባ፣ አትንቀሳቀስ!» አልኩት። ከአጥሩ ሥር ሁለት ረጃጅም አጠና ነበር። ክምሩ ላይ አጋድሜያቸው በደረቴ ተሳብኩ። አፈሩ በቀሚሴ በኩል ሆዴን ይጠብሰኛል። በብብቱ ሥር ይዤ ጎተትኩት። በአማርኛ ጀምሬ በአውኚ ጨረስኩት፤ የእናቴ ቋንቋ ለስድብ ይመቻል፣ ጉልበትም ይሰጣል። በሦስተኛው ጉተታ ወጣ። ቦቲ ጫማው እዚያው ቀረ።

አንከባልዬ መሬት ጣልኩት። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አካፋዬን አንስቼ እግሩ የወጣበትን ጉድጓድ በአፈር መድፈን ጀመርኩ! እጄ ነው የቀደመኝ። የተከፈተ ክምር አይቶ ዝም የሚል እጅ የለኝም።

«እግሬን! እግሬን እኮ ነው!» ይላል እሱ።

«ቆይ! ነበልባሉ ይውጣ ነው የምትል?» እላለሁ እኔ።

ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ጠቅጥቄ፣ ከዚያ ጀሪካኑን አምጥቼ ውኃውን ሁሉ እግሩ ላይ አፈሰስኩለት። መንደሩ ደረሰ። አንዷ ማር ይዛ መጣች፣ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና። «ሰውዬው ቁርስ አይደለም፣ ወዲያ!» ብዬ በአካፋ ከለከልኳቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ትዕግስት ደርሳ «ውኃው ብቻ ይበቃል» ባትል ኖሮ አብረው ይሰድቡኝ ነበር። ቄስ ደርበው መስቀላቸውን አውጥተው «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ ቅዱስ ገብርኤል ነው ያወጣው» አሉ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው፣ «ገብርኤል ሲያወጣ የራስ ፀጉር አይነካም። ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው እግሩ የተጠበሰ።»

እሳቸውም ሳቃቸውን በመስቀሉ ሸፈኑት።

የጎረቤታችን የአየነው ባጃጅ አዲስ ቅዳም አደረሰችው፣ ከዚያ አምቡላንስ ወደ እንጅባራ ወሰደው። ሁሉም ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ያከሰለ ሰው ጥንካሬውን በዱላ ወግቶ ሳያይ እንዴት ክምር ላይ ይወጣል? የክምሩን ስንጥቅ ረግጦ ሊደፍን ይሆናል ተባለ። ሽማግሌ ሆኗል ተባለ። ስማቸው የሚባለው ጓደኛው ደግሞ «ቡዳ ነው» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። አመሰግናለሁ ስማቸው፣ አልኩት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ክምሬ ክምር አልነበረም። ነፋሱ ቀዳዳዋን አስፍቶ፣ ጎኑን ንዶ፣ ነበልባሉ ሰማይ ይልሳል። ሦስት ሰዎች አፈር ይወረውራሉ፤ ለሙታን እንደሚደረገው ነው። ተዉት አልኳቸው። ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለአዝመራው እግር አይደለም፣ ለዛፎቼ ነው ያለቀስኩ። ይኸው እሳት! ጎመኔን ይቀቅልልኛል፣ በክረምት አጥንቴን ያሞቅልኛል፣ ሃያ ዓመት አብልቶኛል። ጀርባዬን ሳዞር ደግሞ ቤቴን ይበላል። ጥፋተኛ ነው ብዬ ማንን እከሳለሁ? የዕቃ ቤቱ ሽንኩርት ሸተተኝ።

እያለቀስኩ ቀና ስል የአዝመራው ክምር ታየኝ። እኔ የደፈንኩት ቦታ ረጥቦ፣ ጢሱ ቀጥ ብሎ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደህና ነው። ስማቸው «እኔ እጠብቅለታለሁ» አለ። ስማቸው አረቄ እየጠጣ እንኳ ይተኛል።

«ዞር በል» አልኩት።

«ምን አገባሽ? የተፋታሽው ባልሽ እኮ ነው።»

«እሱን ፈትቼዋለሁ፤ ክምሩን አልፈታሁም።»

ይህን ስል ደግነት እንዳይመስላችሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ክምር ሲቃጠል ማየት ስለመረረኝ ነው። ደግሞም መንደሩ በሙሉ ቆሞ እያየ፣ ለማንም ሳላንሾካሹክ፣ ራሴ ጢስ አይቼ ራሴ «ቀረው» ማለት አማረኝ። አምስት ቀን ጠበቅሁ። ጢሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲሆን «በሰለ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩ። ስንከፍተው አመድ እፍኝ አልሞላም። ሁለቱን ከሰል ሲያጋጩት እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ወንዶቹ እያነሱ ያጋጫሉ፣ እያጋጩ ያስቀምጣሉ። ቄስ ደርበው ብቻ «እንቁ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝቼ እንጅባራ ሆስፒታል ሄድኩ። አዝመራው እግሩ ተጠቅልሎ ተጋድሟል፤ ከስቷል። እግርህ ይተርፋል ብለውታል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከሰልህ ወጣ» አልኩት። «አንድ ፍሬ አልተበላሸ።»

ግድግዳውን እያየ «እንቁ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪ» አለኝ።

«የሚያስቆጣ ከሆነ እቆጣለሁ።»

«ያን ዕለት ስንጥቅ አልነበረም። ካንቺ በኩል ጢሱ ሲጠቁር አየሁ። ክምርሽ እንደተከፈተ ገባኝ። ቁጥቋጦው ጋረደኝ፤ ከፍ ብዬ ልየው ብዬ ነው የወጣሁ።»

«ምኑን?»

«ሲቃጠል።»

ከጎኑ የተኛው በሽተኛ ማቃሰቱን አቆመ። እጄ ተነሳ፤ የታሰረውን እግሩን በጥፊ ልለው ነበር፣ እግዜር ነው የያዘኝ። ሰው እንዴት የገዛ እሳቱን ረግጦ የሌላ ሰው እሳት ሊያይ ይወጣል? ከዚያ ግን ክምሩ አናት ላይ ቆሞ አንገቱን ሲያሰግግ ታየኝና ሳቅ አፈነኝ።

«አየኸው ታዲያ?» አልኩት።

«ወዴት! አንገቴን ሳላቀና ወረድኩ።»

«ቀረብህ» አልኩት። «ያምር ነበር።»

እሱም ሊስቅ ሞከረ፣ እግሩ አመመው፣ ከዚያ እንባው መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። እጄን ያዘኝና «ከሰሉን ውሰጂው» አለኝ። «ሁሉንም። ያንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ ያከሰልሽው።»

«ዛሬ ጠዋት ሸጬ አይሱዙ ላይ ጭኜ ሸኝቼዋለሁ» አልኩት። «ችግኝም አዝዣለሁ። ይልቅ እጄን ልቀቅና ብርቱካን ልላጥልህ።»