ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ልብስ ሰፊዋ ጎህ እንደቀደደ የጡረተኛውን በር ያንኳኳችው ልትገዛት ያሰበቻት መኪና ሞተሯ ሳይነሳ ልትደርስባት ብላ ነበር። ጋራዥ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ በስልክ አደራ ብሏታል።

«እታለም፣ አውቶማቲክ መኪና ስትገዢ ከቀለሙም ከወንበሩም በፊት ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን ነው የምታዪው። ሲሞቅ ጉዱን ይደብቃል። ቀዝቃዛ እያለ ያዢው።»

የነገራትን አንድ በአንድ ጽፋዋለች። ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ስድስት መስመር ሁለት ገጽ ፈጅቶባታል።

ወንድሟ አብሯት ቢመጣ በወደደች። ግን ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ የሚመለሰው ከአስር ቀን በኋላ ነው። እሷ ደግሞ አስር ቀን የላትም። ልጇ ከነገ ወዲያ፣ ሰኞ፣ ሥራ ትጀምራለች፤ የሰባት ወሯን የልጅ ልጅ የሚይዝላት ሰው የለም። «እማ፣ አንቺ ካልደረስሽልኝ ለማላውቃት ሴት ሰጥቻት መሄዴ ነው» ብላታለች። ልጇ ያለችው ከዳገቱ በላይ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ሕፃኗ የተወለደች ሰሞን ልብስ ሰፊዋ በአውቶቡስ ሞክራው ነበር። ሠላሳ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የተጎዳው ዳሌዋ ግማሽ መንገድ ላይ እምቢ አለ፤ አስተኝተው መለሷት። የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ የምታውቃት በስልክ ነው። በራሷ መኪና ብትሄድ ግን በየሰዓቱ እየቆመች፣ እየወረደች፣ እየተንጠራራች ትደርሳለች። ግራ እግሯ ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም፤ ለዚህ ነው አውቶማቲክ የፈለገችው። መንጃ ፈቃዱንም ያወጣችው በዚሁ ሐሳብ ነው።

«ግቢ፣ ግቢ!» አሉ ጡረተኛው በሩን ወለል አድርገው። «እንዳትጉላዪ ብዬ አሙቄ ነው የጠበቅኩሽ።»

ኮፈኑን ዳሰሰችው። አሁን ተተኩሶ እንደተነሳ ልብስ ይሞቃል።

«ውይ ጋሼ! ምን አደረጉኝ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ቀዝቃዛዋን ነበር የፈለግኩት።»

«እኔ ስኖር፣ ሞቅ አድርገው ሲያቀርቡለት ቀዝቃዛ አምጡ የሚል እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ!»

ምርጫ አልነበረም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። እሳቸውም መኪናዋ የሟች ባለቤታቸው እንደነበረች አጫወቷት። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጡረተኛው ከገበያ እስከ ቤት፣ ሜዳ ለሜዳ ይነዷት ነበር። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሊሸጧት ነው።

«ግን አልበደልኳትም» አሉ። «እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቷን እለካለሁ። የሞተሩንም የካምቢዮውንም። ሁሌ ሙሉ ነው፤ ጠብታ ጎድሎ አያውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ እየሰማች በዓይኗ የኋላውን ወንበር ትለካ ነበር። ሕፃኗ እዚያ፣ በመስኮቱ በኩል ብትቀመጥ ፀሐይ ይመታት ይሆን?

ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ዳሌዋን እቅፍ አድርጎ ያዘላት። ሞተሩን አስነሳች፣ ፍሬኑን ረግጣ ማርሹን ወደ ኋላ መሄጃው ላይ አደረገችና ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጓ ብላ ተናጠች። ወረቀቱ ላይ «ከአንድ በላይ ካስቆጠረሽ ተጠንቀቂ» ይላል።

«ጠዋት ነዋ!» አሉ ጡረተኛው በመስኮቱ። «እኔንም በጠዋት ብትጠሪኝ ወዲያው ብድግ አልልልሽም።»

ሳቀች። መሳቅም ፈልጋ ነበር። ደግማ ሞከረችና አሁን ቀስ ብላ ቆጠረች። ሁለት ሆነላት። «ሁለት ደህና ነው» አለች ለራሷ። «ዳገት አስወጥተሽ ሞክሪያት» የሚለውን የመጨረሻውን መስመር ግን ዘልላ ማለፍ አልሆነላትም፤ ፊደል በፊደል እየለቀመች የጻፈችውን ነገር እንዳላየች መሆን አትችልም።

«ጋሼ፣ ዳገት የት አለ?»

«ዳገት ምን ያደርግልሻል? ሜዳው አነሰሽ?»

«ልጄ ዳገት ላይ ነዋ ያለችው።»

ወደ ሰፈሩ የውሃ ጋን የሚወጣውን መንገድ አሳዩዋትና አጠገቧ ተቀመጡ። መኪናዋ እያቃሰተች ጋኑ አጠገብ ካለው ሜዳ ደረሰች። ልብስ ሰፊዋ እፎይ አለች። ከጋኑ በላይ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጥቂት እንደወጡ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልተከተለችውም። ነዳጅ ስትጨምር ጩኸቱ ጨመረ፤ ጎማው ግን ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። በፍሬን እየያዘች ጋኑ አጠገብ መለሰቻትና ወንድሟ ጋ ደወለች። ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገችው።

«ዘይቱ እንዴት ነው?» አለ ወንድሟ።

«ሙሉ ነው ይላሉ ጋሼ።»

«እንዴት ነው የሚለኩት?»

«እንደ ሰው!» አሉ ጡረተኛው። «ሞተሩን አጥፍቼ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ።»

«እንደዚያ የሚለካው የሞተሩ ነው፣ አባቴ። የካምቢዮው ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው። ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ይጠራቀምና ባዶውን ሙሉ ይመስላል።»

ኮፈኑን ከፍታ፣ ሞተሩ እየሠራ የካምቢዮውን ዘንግ መዘዘችው። ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ጡረተኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አደረጉት።

«እህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ?» አሉ።

«ጎድሎ ብቻ ከሆነ ይጨመርለታል፣ ይድናል» አለ ወንድሟ። «አሮ ከሆነ ግን ዳገቱ መሐል ጥሎሽ ይቀራል። አሽትቺው።»

ዘንጉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ካውያ ተረስቶበት የሚያር ጨርቅ ምን እንደሚሸት ልብስ ሰፊ አይጠፋትም። «ምንም አይሸትም» ብትል ነገ ማታ የልጅ ልጇ እቅፏ ውስጥ ናት። እነዚያ ትናንሽ ጣቶች ጣቷን ጨብጠው ሲይዟት ተሰማት።

«እታለም፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እና?»

«አሯል» አለች። «የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል።»

«ተይው በቃ። እኔ ስመጣ ሌላ እንፈልጋለን።»

ጡረተኛው ጎማውን እንደ ልጅ ራስ ደባበሱት። «እሷ ብትኖር ታውቅ ነበር» አሉ። «እኔ ስጠብቅላት የኖርኩ መስሎኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ጋኑ ጥላ ሥር ሄዳ ልጇ ጋ ደወለች።

«እማ! ልትነሺ ነው?»

«ካምቢዮው አይሆንም፣ እናትዬ። ሰኞ አልደርስም። አጎትሽ እስኪመለስ አስር ቀን ታገሽኝ።»

ከወዲያ ማዶ ሕፃኗ የሆነ ነገር እየደበደበች «ባ፣ ባ፣ ባ» ስትል ተሰማ።

«እሺ» አለች ልጇ በመጨረሻ። «ለሴትየዋ እነግራታለሁ። አንቺ አትጨነቂ፣ ትናንት መጥታ አይቻታለሁ፤ ደግ ሴት ናት። ገና ስትይዛት ሕፃኗ ዝም አለችላት።»

ልብስ ሰፊዋ ሴትየዋ ደግ በመሆኗ ደስ አላት። ደግ በመሆኗም ውስጧ አረረ። «ተመስገን» አለችና ስልኩን ዘጋች።

«አስር ቀን እኮ ምንም አይደል» አሉ ጡረተኛው ፊቷን አይተው።

«በአስር ቀን ልጅ ሰው ይለምዳል፣ ጋሼ።»

ጡረተኛው ሞተሩን አጥፍተው የነቀሉትን ቁልፍ ሰጧት። «ቁልቁለቱን አንቺ ንጂልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ምንም አልሆነችም። ድምፅ ሳታሰማ፣ ሳትናጥ፣ እንደ አዲስ ወረደች።

«አየሻት?» አሉ ጡረተኛው ረስተውት። «ምንም የላትም እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። በር ላይ ሲደርሱ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ጡረተኛው ወርደው በሩን ከፈቱና ጠበቋት። እሷ ግን መሪውን እንደያዘች ጥቂት ቆየች። በዚህ ወንበር ላይ ዳሌዋ ምንም አላመማትም።