የጠዋት ስም ጥሪ

ድሮ የአንገት በላይ ድንገተኛ ክፍል ሰኞ ጠዋት ገበያ ነበር። አፍንጫው ውስጥ ባቄላ የወተፈ ሕፃን፣ የዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ የቆመባት ሙሽራ፣ ጆሮውን በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር ታምቡሩን የበሳ ጎረምሳ። ነርሷ ሁሉንም እየተቆጣችም እየሳቀችም ታስተናግዳለች። ወረርሽኙ ሲገባ ግን አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ጭር አለ። ያ ሁሉ ባቄላ የት ገባ? ሰው መታመሙን አልተወም፤ መምጣቱን ተወ እንጂ።

ነርሷንም ስልክ ላይ አስቀመጧት። ለሚደውል ሁሉ ሦስት ጥያቄ አላት፤ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደም ይፈስዎታል? መዋጥ አቅቶዎታል? ሦስቱም ከሌሉ፣ እንግዲያው ከቤትዎ አይውጡ። ስንቱን ቤቱ አስቀመጠች! አለቆቿም ጎበዝ አሏት።

አባቷ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ዘወትር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደውልና በቤት ስሟ «ሚጢ» ብሎ ይጠራታል። እሷ «አለሁ» ካላለች ወሬ አይጀመርም። ዕድሜውን ሙሉ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ምን ታደርገዋለህ? ዘግይታ ካነሳች ቀሪ ብዬሻለሁ ይላታል።

በወረርሽኙ ሁለተኛ ወር ድምፁ ሻከረ። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀችው፤ አንዱም የለብኝም አለ። በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ አለችው። ወር ቆይቶ፣ ልምጣና እዩኝ እንዴ ሲላት ክው አለች። በዚህ ዕድሜው፣ በሽታው የሞላበት ሆስፒታል ሊገባ! ብትወደኝ እንዳትመጣ ብላ አስማለችው። እሱ ደግሞ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፣ ቀረ። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ በመሣሪያ መታየት እንዳለበት ለስንት ተለማማጅ ያስተማረች ሴት ናት እኮ! ለሰው ሁሉ የምታውቀውን፣ በአባቷ ሲመጣ ፍርሃት አስረሳት። ዛሬ፣ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው ትላለች።

በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ ትንፋሹ ሲያፏጭ በስልክ ሰማችው። ያን ጊዜ ነው ና ያለችው። ሐኪሙ ቀጭኑን መሣሪያ በአፍንጫው አስገብቶ ሲያይ እሷም ማንቁርቱ ላይ የበቀለውን ዕጢ በስክሪኑ አየች፤ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ቀደም ብሎ ቢመጣ በጨረር ይታከም ነበር አለ ሐኪሙ። አሁን ግን ነፍሱ እንድትተርፍ ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት አለበት። ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት አልጋው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች።

«ድምፅህን የቀማሁህ እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ራሷን ዳበሰላት። «እንዳልሞትብሽ ብለሽ ነው» አላት፣ በዚያች ባለቀች ድምፁ። «በይ፣ አንዴ ልጥራሽና ልግባ። ሚጢ።»

አለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ለቅሶው ቀደማት። ስትታገል አልጋውን እየገፉ ወሰዱት። አንገቱን አዙሮ እስከ በሩ ድረስ ጠበቃት።

ከሆስፒታል በወጣ ማግስት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። አነሳችው። ድምፅ የለም፤ በቀዶ ሕክምናው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ የሚወጣና የሚገባ ትንፋሽ ብቻ ነው። ስሟን እየጠራት እንደሆነ ገባት።

«አለሁ» አለች። ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀ።

«አለሁ፣ አባዬ» አለች ደግማ፤ ይቺኛዋ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሳትመልስለት የቀረችው ነበረች።