የመሰላሉ ሌባ

እናቱ የነርሷን እጅ ያዝ አደረጉ። ትንሿ ባትሪ በርታ፣ የነርሷ አውራ ጣት የልጃቸውን የዐይን ሽፋን ሊገልጥ ትንሽ ሲቀረው ነበር የያዟት። አያያዛቸው የጠብ ሳይሆን የልመና ነበር።

«ተይው ልጄ፣ ይተኛ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከወደቀ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የወሰደው ገና ዛሬ ነው። ይቺን አንዲት ጊዜ እለፊው።»

ልጃቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አምፖል ሲቀይር መሰላሉ ከድቶት በጭንቅላቱ ሲሚንቶ ላይ ወረደ። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ሐኪሞቹም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም ትንሽ ስለሆነ ለጊዜው አይከፈትም፣ በየሰዓቱ እየተቀሰቀሰ ይታይ ብለው ወደ ጭንቅላትና ኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞች ክፍል ላኩት። መቀስቀስ ማለት ስሙን መጠየቅ፣ እጄን ጨብጥ ማለት፣ የዐይኑን ብሌን በባትሪ ማየት ነው። ልጁ ለዚህ ሁሉ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነው።

«አንቺ ሌባ፣ መሰላሌን የት አደረስሽው?»

ክፍሉ በሙሉ በዚህ ስቋል። ነርሷም «የመሰላሉ ሌባ» የሚል ስም ወጥቶላታል። እናቱ ግን በሰደባት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር፤ በሥርዓት ነው ያሳደግኩት፣ እንዲህ ያለ አፍ አልነበረውም፣ ስለ እኔ ብለሽ ይቅር በይው እያሉ እግር እግሯን ይከተሏታል። ነርሷ ስድቡን ወዳዋለች። የተሰደበችበት ሰዓት በሰላም ያለፈ ሰዓት ነው። የተመታ ጭንቅላት ሲጮህ ብዙም አያስፈራትም፤ ድንገት ጨዋ ሲሆን ነው የምትፈራው። ለአዳዲስ ነርሶች ይህን ስትነግር ዓመታት አልፈዋል።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ጨዋ ሆኖ ነበር። ባለፈው ሰዓት ስትቀሰቅሰው «ሌባ» ብሎ፣ መሰላሉ ላይ ሳይደርስ ዐይኑን ከደነ። ነገሩ ከንክኗት ነበር። አሁን ግን እናቱን አየቻቸው። ዐይናቸው ቀልቶ፣ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው፣ ተረከዛቸውን ውጭ አድርገው ቆመዋል። የልጁ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቱ የደላው ሰው ፊት ነው። የነርሷ ሆድ ባባ፤ ባትሪዋንም አጠፋች።

«እሺ እማማ። ጋሼን ገልብጠን እንደጨረስን ግን እቀሰቅሰዋለሁ። እስከዚያ እርስዎም ጋደም ይበሉ።»

እናቱ እድሜ ይስጥሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ ብለው መረቋት። ልጅ እንደሌላት አያውቁም። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ግንባራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ጣል አደረጉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ጋሼ የምትላቸው በቀጣዩ አልጋ የተኙትን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መኪናቸው ገደል ገብቶ አንገታቸው ተሰብሯል፤ ከትከሻቸው በታች ምንም አይንቀሳቀስላቸውም፣ ምንም አይሰማቸውም። ምላሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልታመመም። «እሱ እጅ አለው፣ እኔ አፍ አለኝ፤ ሁለታችንን ቢሰፉን አንድ ደህና ሰው ይወጣን ነበር» እያሉ በልጁ አልጋ በኩል ይቀልዳሉ። ገላቸው ተኝቶ እንዳይቆስል በየጊዜው በጎናቸው ይገለበጣሉ።

መገልበጡ አራት ሰው ይፈልጋል። አንዷ ራስና አንገት ትይዛለች፣ ሌሎቹ ትከሻን፣ ዳሌንና እግርን። ትእዛዝ የምትሰጠው ራስ የያዘችው ብቻ ናት። እሷም ጣሪያው ቢደረመስ እጇን አትለቅም። የተሰበረው አንገት ትንሽ ከዞረ፣ ዛሬ በራሳቸው የሚተነፍሱት ሰውዬ ነገ በመሣሪያ ይተነፍሳሉ፣ ወይም ጭራሽ አይተነፍሱም። ሦስቱ ረዳቶች ከየሥራቸው ተጠራርተው እስኪሰበሰቡ ጊዜው ገፋ። ነርሷ ወደ ልጁ አልጋ ሁለት ጊዜ ገልመጥ አለች። መጋረጃው ፊቱን ከልሎባት፣ ብርድ ልብሱ ስር ያለ እግሩን ብቻ አየች።

ራስጌ ቆማ እጆቿን ከሾፌሩ ትከሻ ስር አስገባች፤ ጭንቅላታቸውን በሁለት ክንዶቿ መሃል አጥብቃ ያዘች። ቆጠረች። ሾፌሩ እንደ ግንድ ባንድ ላይ ዞሩና ፊታቸው በመጋረጃው ክፍተት ወደ ልጁ አልጋ ሆነ። ትከሻ የያዘችው ረዳት ባንድ እጇ እንደደገፈች ጀርባቸውን ማየትና ማበስ ጀመረች። ሾፌሩም እንደ ልማዳቸው፣ መኪና ስገለብጥ አንድ ሰው እንኳ አላገዘኝም፣ እኔን ለመገልበጥ ይሄ ሁሉ ሰው ብለው ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት።

«ሲስተር» አሉ። ድምፃቸው የቀልድ አልነበረም። «የዚያ ልጅ አተነፋፈስ አላማረኝም። ይስብና ይቆማል። አፉም ባንድ በኩል ወርዷል።»

ነርሷ ክው አለች። መላ አካሏ ወደዚያ መሮጥ ፈለገ፤ እጆቿ ግን የሰው አንገት ይዘዋል። እናቱን ጠራች። አልሰሙም። ደግማ ጠራች፤ ጭንቅላታቸው ንቅንቅ ብሎ መልሶ ተኛ። አንዷ ረዳት ዳሌውን ልትለቅ ስትል ነርሷ አየቻት።

«ማንም እንዳይለቅ» አለች።

ክንዶቿን በጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ ይበልጥ አጠበቀች። ማጥበቋን ሾፌሩ አወቁት፤ ክንዶቿ ያረፉት ገና በሚሰማቸው ቦታ፣ ጉንጫቸው ላይ ነው።

«እኔን ተይኝና ሂጂ» አሏት። «እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

«ዝም ይበሉ ጋሼ። ራስዎን አያንቀሳቅሱ።»

ወደ ጀርባቸው ለመመለስ እንደገና መቁጠር ነበረባት። ቁጥሩ አይፈጥንም፤ ከፈጠነ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ አንገቱ ይጣመማል። አንድ አለች። ከመጋረጃው ጀርባ የልጁ ትንፋሽ ገባ። ሁለት አለች። ትንፋሹ አልወጣም። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሦስት ብላ ሾፌሩን አሳረፈቻቸው፣ የተጠቀለሉ ፎጣዎች በጆሯቸው ግራና ቀኝ አስደገፈች፣ እጇን ከስራቸው አወጣችና ሮጠች።

ቀኝ ዐይኑን ገለጠች፤ ብሌኑ በባትሪው ብርሃን ጠበበ። ግራውን ገለጠች። ብሌኑ ሰፍቶ፣ ጠቁሮ፣ ብርሃኑን ዝም ብሎ ተቀበለው። ትከሻውን ቆነጠጠችው፣ ስሙን ጠየቀችው፣ በጆሮው ጮኸችበት። ሌባ የሚላት ጠፋ። እናቱ በጩኸቷ ባንነው ተነሱ።

ረዳቶቹ የጠሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም እየሮጠ መጣ፤ የልጁን ዐይን ብቻ አይቶ አልጋውን ከግድግዳው መሳብ ጀመረ። መቼ ነው መጨረሻ የነቃው ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ያለፈው ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ የዚህን ሰዓት ግን ራሷ እንደዘለለችው ነገረችው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያትና አልጋውን መሳቡን ቀጠለ። አልጋው በሩን አልፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመጠበቅ ሰዓት ነው። ነርሷ ሥራዋን ሠራች። ጉሉኮስ ቀየረች፣ ቁስል አጠበች፣ የሠራችውን ሁሉ እየተመለሰች ደግማ አየች። በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር እናቱ አግዳሚው ላይ የልጃቸውን ጫማ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እጅሽን ባልይዝሽ ኖሮ እዚህ ይደርስ ነበር?» አሏት ሳያዩዋት።

ቀላል መልስ ነበራት፤ አይ እማማ፣ ለውጥ አያመጣም ማለት። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር።

«የያዙት እጄን ነው» አለች። «ባትሪውን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

እናቱ አልተቆጧትም። አልሸሿትም፣ አልተጠጓትምም። ነርሷ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ልጁ ወደ ክፍሉ የተመለሰው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ስትል ነው። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶለት በራሱ ይተነፍሳል። ሐኪሙ የደከመ ድምፅ ነበረው። ደሙን አውጥተነዋል አለ፤ ግፊቱ ምን እንዳበላሸ የምናውቀው ሲነቃ ነው። ከነቃ፣ ብሎም ጨመረ።

የነርሷ ተራ አልቋል። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች፤ ተረካቢዋም መጥታለች። እሷ ግን ይህንን ሰዓት እኔው ልየው ብላ ባትሪዋን አወጣች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ እጇ አልታዘዝ አላት። ካልጠየቀችው ገና ሊመልስ የሚችል ሰው ነው። ከጠየቀችውና ዝም ካለስ?

እናቱ ከወንበራቸው ተነሱ። ጠዋት የያዟትን እጅ፣ ጠዋት በያዙበት ቦታ ያዙት፤ ወደ ልጃቸው ፊትም ሳቡት።

«ቀስቅሺው» አሉ።

ዐይኖቹን በየተራ ገለጠች፤ የቀኙ ብሌን ጠበበ። የግራውም ጠበበ፤ እያመነታ ቢሆንም ጠበበ። ስሙን ጠየቀችው። ዝም አለ። እጄን ጨብጥ አለችው። እጁ በእጇ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። እናቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። በሥርዓት ያሳደጉት ልጃቸው ነው።

«ልጄ፣ መሰላልህን የወሰደችው ይቺ ናት» አሉት። «ስደባት።»

«ሌባ በላት» አሉ ሾፌሩ ጣሪያውን እያዩ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ነርሷ አጎነበሰች። የቦርሳዋ ማንገቻ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወረደ፤ አላነሳችውም።

«መሰላልህን እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለችው። «አልመልስም።»

ከፋሻው ስር፣ በቅንድቦቹ መሃል፣ ቀጭን መስመር የታየ መሰላት፤ ቁጣ ሊሆን ይችላል፣ የባትሪው ጥላም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ስድቡን ጠበቁ።