ቬርና ከጨረቃ ላይ ያጠፋችው

…ማስታወስ ከሆነማ ቬርናን የሚያህል መላው ሂውስተን ውስጥ የለም፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ግን የጠፈር ድርጅቱ ፎቶ ክፍል ሥራ የገባችበትን የመጀመሪያ ቀን ጠይቃት፣ የአለቃዋን የሃስኬልን ክራባት ከነቀለሙ ትነግርሃለች፣ ክራባቱ ላይ የነበረውን የእንቁላል ጠብታ፣ እንቁላሉን የጣለችውን ዶሮ ስም፣ እሺ፣ ዶሮዋን ጨምራበታለች።

ስልኩ እጇ ላይ ነው። ራንዳል አሁን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት፣ ልጇ፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ቅዳሜ ካሜራ ፊት ትቀመጫለሽ እማዬ፣ ከጨረቃ ፎቶ ላይ ያስጠፉሽን ግንብ ትናገሪያለሽ፣ ስንት ሺህ ሰው እየጠበቀሽ ነው፣ ምን ግንብ ልጄ፣ አቧራ እኮ ነው፣ አስፈራሩሽ አይደል፣ ማን ነው የደወለልሽ፣ የጥርስ ሐኪሙ ነዋ፣ አልሳቀም፣ ካልመጣሽ እናት አለችኝ አልልም አለ፣ ዘጋ።

አቧራ። የፊልሙ ኔጋቲቭ ላይ አቧራ ካረፈ ሲታተም ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ የሷ ሥራ ለጋዜጣ የሚሄደው ቅጂ ላይ ነጥቡን በቀጭን ብሩሽ፣ በግራጫ ቀለም መድፈን ነበር፣ ሪታች ይሉታል፣ ፎቶ ቤት የሙሽራ ብጉር እንደሚያጠፋው፣ ሙሽራዋ ጨረቃ ሆነች እንጂ፣ ዋናውን ኔጋቲቭማ ማን ይነካዋል፣ ሃስኬል በጓንት እንኳ አያስነካም ነበር፣ ይህን ለራንዳል ብትለው ደግሞ አየሽ፣ እንዲህ በይ ብለዋት ነው ይላል።

ግንቡን ያመጣችው ራሷ ናት። የምስጋና ቀን እራት፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ የበዓሉ ተርኪ ዶሮ አሯል፣ ቬርና ታወራለች፣ ሃስኬል ከኋላዬ ቆሞ፣ ቬርና፣ ያንን ግንብ አጥፊልኝ አለኝ፣ ሦስት ፎቅ፣ አጠፋሁለት፣ አይስክሬም ገዛልኝ። ባሏ ዌንደል እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ራንዳል ያኔ አስራ ዘጠኙ ነው፣ ሹካውን አስቀመጠ፣ መስኮት ነበረው? አላት፣ የለውም ማለት ትችል ነበር፣ አቤት፣ አንዲት ቃል፣ ነበረው እንጂ፣ መጋረጃም ነበረው፣ እንደገና ሳቅ፣ በየዓመቱ እራት ላይ አንድ ፎቅ ትጨምራለች፣ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ ሁሉም ይስቃል እሱ ይጽፋል።

ራንዳል ኋላ በስንት መከራ ያገኘውን አስተማሪነት ተወ። ሚስቱ ጆሊን ልጅቷን ይዛ ሄደች፣ ቬርና የልጅ ልጇን የምታያት በፖስታ ካርድ ነው፣ ቤቱ ግድግዳው ሁሉ የጨረቃ ፎቶ፣ ጣሪያው ሳይቀር፣ ወንበር የለም፣ ሄዳ ቆማ ነው የተመለሰችው።

እሺ፣ እውነቱን አንድ በአንድ ትነግረዋለች፣ የትኛው ፎቶ፣ ነጥቧ የት ጋ ነበረች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጠረጴዛው ይኸው፣ መብራቱ፣ ብሩሹ፣ ከተራራው በስተግራ፣ ከተራራው በስተግራ ግንብ። ከነመጋረጃው። ሂድልኝ ትለዋለች ግንቡን፣ ነጥቧን ትፈልጋለች፣ ካልሲው ይታያታል፣ ነጥቧ የለችም፣ ጌታዬ፣ ነጥቧ የታለች፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስታወራ ደፍናታለች፣ ቅዳሜ ብትሄድ እኮ አይቻለሁ ትላለች፣ ራሷም አምናው ትላለች።

ትደውላለች። አያነሳም፣ መልእክት ይተዉ ይላል ማሽኑ፣ ተይ፣ እንዳትዘጊ ቬርና፣ ራንዳል፣ እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ አልመጣም፣ ግንብ የለም፣ ያን ማታ ከኮሌጅ መባረርህን አባትህ ሰምቶ ነበር፣ ሊጮህብህ አፉን ሲከፍት አየሁት፣ በምን ላስቀው ብዬ ነው፣ ላንተ ብዬ ነው፣ ግንቡ ለሱ ነበር እኮ ልጄ፣ አንተ ገባህበት፣ ስደበኝ፣ ውሸታም አሮጊት በለኝ፣ ነኝ፣ ግን ደውልና በለኝ፣ ጨረቃን አታንሳብኝ፣ ምን እንደበላህ ንገረኝ፣ ነገ አላልኩም፣ ዛሬ ማታ ደውል፣ ሰማህ፣ ዛሬ ማታ