ሁለት ጆሮ

የባትሪ ድንጋዮቹ በሰፌዱ ላይ ከዛላው በርበሬ ጋር ተደባልቀው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወለተጻድቅ አጠገባቸው ተንበርክካ እያንዳንዱን በጣቷ ታገላብጣለች፤ አንድ ጎኑ ሲግል በሌላው ታዞረዋለች። በአጥሩ ቀዳዳ የሚያይ ሰው በርበሬ የምትለቅም እንጂ ሌላ የምታደርግ አይመስለውም። በርበሬው ቀይ ነው፤ የድንጋዮቹም ልባስ ቀይ ነው።

«ሞተዋል እንዴ?» አለች ዋጋነሽ፣ ከሙቀጫው አጠገብ እንደተቀመጠች።

«ትንሽ ነፍስ አላቸው። ለዛሬ ይበቃሉ።»

«ይብቁ እንጂ! ከባሌ የእጅ ባትሪ ሰርቄ ያመጣኋቸው ናቸው። ሰውዬው ሮንድ የሚወጣው በጨለማ ሆኗል። ሌባ ቢያገኘው መንገዱን እሱኑ ሊጠይቀው ነው።»

ወለተጻድቅ ሳቀች። ሳቁ ግን ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠውን ነገር አላነቃነቀውም። ዋጋነሽን ቀና ብላ ማየት ፈራች፤ ያየቻት እንደሆነ የምትናገር መሰላት።

ቤቱ የእትዬ ወርቄ ነው፤ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወርዱ፣ ባሕር ዛፎቹ የሚያልቁበት ዘንድ። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ሬዲዮ መኝታቸው ራስጌ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ቀን ቀን እንደማንኛውም ቤት ሬዲዮ ነው። ፀሐይ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ስትለቅ ግን እትዬ ወርቄ ጣቢያውን ያዞሩና ድምፁን እስኪያንሾካሹክ ድረስ ዝቅ ያደርጉታል። በዚያ ሰዓት የሸማቂዎቹ የበረሃ ሬዲዮ በሰሜን የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል። አንድ ቀን ያነበበውን በማግስቱ ይደግመዋል፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ስሞች ያልፋል። ይህን ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ነው። መጋቢት ላይ በሰሜን ትልቅ ውጊያ ነበር ይባላል። ይባላል እንጂ ለእናቶች የነገራቸው የለም። ቀበሌ ሄደው ሲጠይቁ «ልጆቻችሁ ግዳጃቸው ላይ ናቸው» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ። ስለዚህ የእትዬ ወርቄን ሬዲዮ በሕይወት ያኖሩት እነሱው ናቸው። አንዷ የባትሪ ድንጋይ ታመጣለች፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ጉልበቷን። በርበሬው የሚወቀጠው ለወጥ ብቻ አይደለም፤ የሙቀጫው ድምፅ የሬዲዮውን ድምፅ እንዲውጥ ነው። አንዷ ደጅ ትወቅጣለች፤ ሁለቱ ውስጥ አንድ ጋቢ ተከናንበው ያዳምጣሉ።

አንድ ስም ከዚያ ቤት የሚወጣው ሁለቱም ከሰሙት ብቻ ነው። ይህ ደንብ የመጣው በጎረቤታቸው በተሻለች ምክንያት ነው። አምና ልጇ በሕይወት እንዳለ ተነገራት። የነገረቻት ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ብቻዋን አዳምጣ ነበር፤ ተሻለችንም ትወዳት ነበር። ተሻለች ነጭ ለብሳ፣ ዘመድ ጠርታ፣ ዶሮ አረደች። ክረምቱ ሳይገባ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ከሰሜን መጥቶ ልጇን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገራት። «ምኞትም ጆሮ አለው» አሉ እትዬ ወርቄ ያን ጊዜ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጆሮ የተሰማ ነገር ወሬ ነው ተባለ።

ደንቡን ከሁሉ አጥብቃ የያዘችው ወለተጻድቅ ነበረች። ከፋሲካ በፊት ዋጋነሽ አዳማጭ ሳለች ከጋቢው ሥር ዘልላ ወጥታ «ገሜዳ! ልጄን ጠሩት!» ብላ ነበር። ወለተጻድቅ አጠገቧ ነበረች፤ አልሰማችም። «አንድ ጆሮ ነው፣ ዋጌ» አለቻት። በማግስቱ ስሙ አልተደገመም። ዋጋነሽ ለጥቂት ቀን ሰላምታ ነፈገቻት፤ ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ዘነዘናውን አነሳች።

«ከእንግዲህ አልገባም። ጆሮዬን አላምነውም» አለች። «እናንተ ስሙልኝ፤ እኔ እወቅጣለሁ።»

ትናንት ደግሞ ስሞቹ ገና መነበብ እንደጀመሩ የአብዮት ጥበቃው ገብረአምላክ ከአጥሩ ደጅ ተጣራ። እትዬ ወርቄ የስብሰባ ጥሪ ሊቀበሉ ወጡ። ወለተጻድቅ ከጋቢው ሥር ብቻዋን ቀረች።

«እናንተ ቤት በርበሬ አያልቅም እንዴ?» ይላል ገብረአምላክ ደጅ።

«ምላስህን አውጣና ልሞክርልህ» ትላለች ዋጋነሽ።

በዚህ መሐል ሬዲዮው «አምሐ ወንድይፍራው» አለ።

ልጇ ነው። ወይም የልጇ ስም ነው። ከዚያ የቦት ጫማ ኮቴ ወደ በሩ የቀረበ መሰላትና እጇ ሳያስበው ሬዲዮውን ዘጋው። እትዬ ወርቄ እስኪመለሱ የንባቡ ሰዓት አልፎ ነበር።

ሌሊቱን ድምፁን ስታስታውስ አደረች። የሚያነበው ሰው ቸኩሎ ነበር። አምሐ ካለ በኋላ ወንድይፍራው ከማለቱ በፊት ትንፋሽ የወሰደ መሰላት። ወይስ ትንፋሹ የእሷ ነበር? ምኞት የአባት ስም ጨምሮ ይጠራል? ተሻለችን ያታለለቻት ሴትም እንዲህ ነበር የሰማችው፣ አጥርታ።

ለእትዬ ወርቄ መንገር ትችላለች። ነገር ግን እሳቸው ሆዳቸው ቅርብ ነው፤ ከነገረቻቸው ስሙን ይጠብቁታል፣ የጠበቁትን ደግሞ ይሰሙታል። ሁለተኛው ጆሮ ምንም የማያውቅ ጆሮ መሆን አለበት። ዛሬ ይደገማል። ዝም ብላ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እሳቸው ራሳቸው ቀና ብለው «አምሐ!» ይሏታል። ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

ድንጋዮቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለእትዬ ወርቄ አስረከበችና ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያው ሄደች። ከትምህርት የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ በተለይ በዚህ ሰሞን መያዝ የለባትም። ትምህርቱ ጉልላቱ ላይ ፀሐይ ሳለ ያልቃል።

ዛሬ ግን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ጓድ መጥተው አዳራሹ ፊት ተቀምጠዋል። መምህሩ ቀለመወርቅ፣ ጺሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት፣ ጠመኔውን ከእጅ እጅ ያገላብጣል።

«ከተማሪዎቻችሁ ጋዜጣ የሚያነብ አለ?» አሉ ጓድ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ወለተጻድቅ ዞሩ።

ፊደል የቆጠረችው አምሐ በተመለመለ ዓመት ነው። ጋዜጣ ማለት የጠፋ ሰው የሚገኝበት ይመስላት ነበር። ማንበብ እንደቻለች አንድ አሮጌ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ከራሱ እስከ ግርጌው በጣቷ ተከተለችው። ስብሰባ ነበረበት፤ የእህል ምርት ነበረበት፤ እንግዶችን ስለመቀበል ነበረበት። የማንም እናት ልጅ አልነበረበትም። ያን ቀን የተማረችውን መልሳ ለመርሳት ተመኝታ ነበር።

ተነሥታ አነበበች። ሠራዊቱ በሁሉም ግንባር በጽናት እንደቆመ የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ረግጣ አለፈች። ጓድ ደስ አላቸው።

«እሰይ እናት! እስቲ የሚቀጥለውንም።»

የሚቀጥለውንም አነበበች። በመስኮቱ በኩል ጉልላቱ ይታያል፤ ብርሃኑ ወደ መስቀሉ እየወጣ ነው። «አሁን ደግሞ ያነበቡትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩን» አሉ ጓድ። ያነበበችውን አንዲት ቃል አታስታውስም።

«ጓድ፣ ይቅርታ» አለ ቀለመወርቅ። «ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቤት የታመመ ሰው አለ። ቢሄዱ ጥሩ ነው።»

ቤቷ የታመመ ሰው የለም። ቀለመወርቅ አላያትም፤ ሰሌዳውን ይጠርጋል። በር ላይ ስትደርስ ነው እናቱ በገና ሰሞን አንድ ቁና በርበሬ ለእትዬ ወርቄ እንዳመጡ ትዝ ያላት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ሮጠች። ፌርማታው ጋ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ በእሷ ዕድሜ የሚሮጥ ሰው መርዶ የሰማ ነው። ጉልላቱ ጠቁሯል። ወደ አጥሩ ስትቀርብ የሙቀጫው ድምፅ ይሰማል፤ ዱም፣ ዱም። ልቧ ትንሽ አረፈ። እየሰሙ ነው ማለት ነው።

«የት ቀረሽ አንቺ? ክንዴ ሊበጠስ ነው!» አለች ዋጋነሽ ሳታቆም።

እትዬ ወርቄ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋቢውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ዝም ብሏል።

«አልከፈቱትም?»

«አንቺን ስጠብቅ። ድንጋዩ እንዳያልቅ ብዬ ነው፤ ለአንድ ጆሮ ምን ብዬ ልክፈተው? ነይ፣ ቶሎ።»

ከጎናቸው ወደቀች፤ ጋቢው በሁለቱም ራስ ላይ ተደፋ። የእትዬ ወርቄ እጅ ቁልፉን አዞረ። መጀመሪያ የሚፈላ ውሃ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሰውየው። ስሞቹ መሐል ላይ ደርሷል። ወለተጻድቅ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ስም ተቀበለች፤ እያንዳንዱም የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ አለፈ። ትናንት አምሐ የመጣው ስሞቹ እንደጀመሩ ነበር። ያንን ታውቃለች። ቢሆንም ጠበቀች።

«ገሜዳ ቶላ» አለ ሬዲዮው።

የእትዬ ወርቄ ጣቶች ክንዷን ጨበጡት። ሌሎች ስሞች ተከተሉ፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ። ድንጋዮቹ አልቀዋል።

ጋቢውን ገለጡ። በደንቡ መሠረት ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሁለቱም እኩል ተናገሩ።

«ገሜዳ ቶላ።»

እትዬ ወርቄ አማተቡ። ከዚያ የወለተጻድቅን ፊት አዩ።

«ምነው ልጄ? ደስ አይልም?»

«ትናንት» አለች ወለተጻድቅ፣ «እርስዎ ገብረአምላክን ሊያነጋግሩ ሲወጡ... አምሐን ጠሩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም! ከፍቼ እጠብቅሽ ነበር እኮ!»

«ብነግርዎት ለእኔ ሲሉ ይሰሙ ነበር።»

አሮጊቷ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ተዉት። እውነት ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ሰማሽ? ወይስ ፈለግሽ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«አንዳንድ ጊዜ በሳምንቱ መልሰው ያነቡታል።»

«ይህንንስ ሰምተው ነው ወይስ ፈልገው?»

እትዬ ወርቄ ጋቢውን አጣጠፉት። «ፈልጌ» አሉ።

ደጅ ሙቀጫው አላቆመም። ወለተጻድቅ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። የዚህ ዜና ባለቤት ደጅ ነው፤ እሷ ዘንድ ማደር የለበትም። ወጥታ ዋጋነሽ ፊት ተንበረከከች።

«የምሥራች።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ።

«ውቀጪ፣ ዋጌ። እንዳታቆሚ።»

ዘነዘናው ወረደ። እንደገና ወጣ። «ምስር ብዪ» አለች ዋጋነሽ፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ወቀጠች። «ስንት ጆሮ?»

«ሁለት።»

ያን ጊዜ ክንዶቿ ከዷት። ወለተጻድቅ ዘነዘናውን ከእጇ ተቀብላ፣ ምቱ ሳይቋረጥ፣ መውቀጥ ጀመረች። ዋጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከሙቀጫው ድምፅ በታች አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ልጇን ትጠራለች። ወለተጻድቅ ምቱን አጠነከረችላት።

ገብረአምላክ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«በርበሬ ነው፣ ወንድሜ» አለች ወለተጻድቅ። የእሷም ዓይኖች ይፈስሱ ነበር።

«አላልኩም? እናንተ ሰዎች ሰፈሩን ልትፈጁት ነው!» እያስነጠሰ ሄደ።

ዋጋነሽ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ያንቺስ?»

«ዛሬ አልሰማንም።»

«ትናንት ስትወጪ ፊትሽን አይቼው ነበር» አለች ዋጋነሽ።

«ፊት ጆሮ አይደለም፣ ዋጌ።»

«አይደለም» አለች ዋጋነሽ። «ነገ እኔ እገባለሁ። ጆሮዬ የሚዋሸው ለገሜዳ ነው እንጂ ለአምሐ አይዋሽም።»

እትዬ ወርቄ ድንጋዮቹን በመዳፋቸው ይዘው ብቅ አሉ። ሰፌዱ ላይ ፀሐይ የለም፤ በርበሬው ጠቁሯል። ድንጋዮቹን የት እንደሚያስቀምጧቸው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ወለተጻድቅ ዘነዘናውን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን ዘረጋች። ተቀብላ መቀነቷን ፈታ አደረገችና ከሆዷ ጋር አሰረቻቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሰውነቷን ሰቀጠጣት።

ሙቀጫው ውስጥ የቀረ በርበሬ አልነበረም። ቢሆንም ወቀጠች፤ ድንጋዮቹ ቀስ በቀስ ሆዷ ላይ እስኪሞቁ ድረስ።